ተገልብጦ የተሰቀለው ሳጥን

ፒንሳው ከአፉ ሦስት ጥርስ ይጎድለዋል። በእርጅና የሄደ የለም፤ ሦስቱም በዱላ የሄዱ ናቸው። ሁለቱን ያረገፉለት የኢንተርኔት ደንበኞች ሲሆኑ የመጀመሪያውን፣ ያንን ሲስቅ ከፊት የሚታየውን ክፍተት፣ የከፈተው የገዛ አባቱ ነው። ስለ ሁለቱ ጠይቁት፣ እጁን እያወናጨፈ፣ የመታውን ሰው ድምፅ ሳይቀር እያስመሰለ ያጫውታችኋል። ስለ መጀመሪያው ከጠየቃችሁት ግን «እሱ ድሮ ነው» ይላችሁና ወሬ ይቀይራል።

እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ፒንሳው ነው፤ ከቀበቶው ከማትለየው ባለ ቀይ እጀታ ፒንሳ የወጣለት ስም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገመድ ሲዘረጋና ገመድ ሲቆርጥ ኖሯል። ሲዘረጋ «ተባረክ» ያለው አፍ ሲቆርጥ «እጅህ ይቆረጥ» ይለዋል። እሱም ለምዶታል። «ምርቃቱም እርግማኑም የኩባንያው ነው፤ እኔ ፖስተኛ ነኝ» ይላል።

ኩባንያው ለቤት ደንበኛ ኢንተርኔት የሚሸጠው በኮታ ነው። ወር በገባ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቤት የተወሰነ ጊጋ ይሰጣል። ኮታው ሲያልቅ መስመሩ አይዘጋም፤ ቢዘጋማ ምን ችግር ነበረው? ክፍት ሆኖ ይቀጥልና ከዚያ ወዲያ የሄደችው እያንዳንዷ ጊጋ ለብቻዋ ትታሰባለች። የደንበኛው ስልክ ላይ «ኮታዎን ጨርሰዋል። ከዚህ በኋላ በጊጋ ይታሰባል። ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ይገባል። ይቺን «እናመሰግናለን» የጻፋት ሰው አንድ ቀን እንኳን የፒንሳውን መሰላል ተሸክሞ በየበሩ ቢያንኳኳ ኖሮ፣ ምስጋናው የት የት እንደሚያርፍ ባየ ነበር። የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይታያል። አምፖል በርቶ ሲያድር ይታያል። ጊጋ ግን ማን እንደበላው አይታይም። ስለዚህ መልእክቱ በገባ ቁጥር ቤተሰብ እርስ በርሱ ይተያያል፤ «ማን ጨረሰው?» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፒንሳው ከደጅ ሆኖ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። የሚሰበር ብርጭቆ ሰምቷል፣ በጥፊ የሚቋረጥ ልቅሶ ሰምቷል።

አንዳንዱ ደግሞ ቤተሰቡን ትቶ ፒንሳውን ይይዛል። አንድ የሒሳብ አስተማሪ የራሱን የቢል ሒሳብ መደመር አቅቶት ራውተሩን ከግድግዳ ነቅሎ ፊቱ ላይ ወረወረበት። ሁለተኛው ጥርስ ያኔ ሄደ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ መሰላሉን ከሥር ገፍትሮ ጣለው፤ ሦስተኛው አስፋልት ላይ ቀረ። በዚህ ሁሉ ፒንሳው አንድ ቀን መልሶ መትቶ አያውቅም። ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ክንዱ ብረት ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ምሰሶ ወጥቷል። የሰውን ልጅ በእጁ ከመታ እጁ የአባቱን እጅ እንደሚመስል ስለሚያውቅ ነው።

የአባቱ ነገር እንዲህ ነው። አባትየው አናጢ ነበር፤ እጀ ወርቅ፣ ምላሱ አጭር፣ ቁጣው ረጅም። አንድ ውሃ ልክ ነበረችው፤ በመስታወቷ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል ላይ ስትቆም እንጨቱ ቀጥ ማለቱን የምትናገር መሣሪያ። ፒንሳው አስር ዓመቱ ላይ ያቺ ውሃ ልክ ጠፋች። «ለጨዋታ ወስደሃል» አለው አባቱ። ልጁ «አልወሰድኩም» አለ። ማለ። ሲምል ጊዜ የበለጠ ተናደደና በመዶሻ እጀታ አፉን አለው። ጥርሱን ከደም ጋር መዳፉ ላይ ተፋው። አባቱም ጥርሱን አይቶ «አሁን ትናገራለህ» አለ። ምን ይናገር?

ከሰባት ዓመት በኋላ የቤታቸው ጣሪያ አፈሰሰና ኮርኒሱን ከፈቱት። አባትየው ላይ ሆኖ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ልጁ ከታች መሰላል ይይዛል። የአባቱ እጅ ድንገት ቆመ። ከዚያ ውሃ ልኳን ይዞ ወጣ። ኮርኒሱን ሲሠራ ራሱ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ረስቷት፣ ራሱ አሽጎባት ኖሯል። አቧራዋን በአውራ ጣቱ ጠረገ። አረፋዋን አየ። ወደ ታች፣ ወደ ልጁ ፊት፣ ወደዚያች ክፍተት ተመለከተ። ውሃ ልኳን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «ሚስማር አቀብለኝ» አለ።

በቃ። ሌላ ቃል የለም። ፒንሳው ያንን አንድ ቃል አስራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ። አባቱ ሊሞት ሲያጣጥር አልጋው ጎን ተቀምጦ ጆሮውን አፉ ድረስ አስጠጋ። አባትየው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ «ውሃ» አለ። ውሃ ሰጠው፤ ጠጣ፤ ሞተ። ፒንሳው በቀብሩ ላይ አላለቀሰም፤ ዘመድ ሁሉ ልበ ደረቅ አለው።

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ወደ ሳጥኑ እንምጣ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለአንድ አዲስ መንገድ መስመር ሊዘረጋ ታዘዘ፤ ስምንት ቤት፣ አንድ የብረት ምሰሶ፣ አንድ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ስምንት ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ቤት ገመድ በየቀዳዳው ይሰካል። ኩባንያው ርካሽ ስለገዛው ቀዳዳዎቹ ላይ ቁጥር እንኳን የለም። ለዚህ ሥራ ሕግ አለ፤ ሁለት ሰው ሆኖ ነው የሚሠራው። አንዱ ምሰሶው ላይ ሆኖ «ሦስት!» ሲል ሌላው ከታች ጽፎ «ሦስት!» ብሎ መልሶ ያነብለታል። ያን ዕለት ግን ጓደኛውን ውሻ ነክሶት ሐኪም ቤት ነበር። ፒንሳው ብቻውን ወጣ። የምሰሶው የብሎን ቀዳዳ ከሳጥኑ ማሰሪያ ጋር አልገጥም አለው፤ ፀሐዩ አናቱን ይበሳዋል፤ ተናደደና ሳጥኑን ገልብጦ አሰረው። ግጥም አለለት። ከዚያ እጁ እንደለመደው ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ገመዶቹን ሰካ። ሳጥኑ ተገልብጧልና መቆጠር የነበረበት ከታች ወደ ላይ ነበር። መልሶ የሚያነብለት ሰው ቢኖር ኖሮ «ቆይ እስቲ» ይለው ነበር። አልነበረም። የሁሉም ቤት ኢንተርኔት ሠራ፣ ሁሉም መረቀው፣ ሄደ።

ኩባንያው ቤት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀዳዳ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንደኛው ቤት ጊጋ ለስምንተኛው፣ የአምስተኛው ለአራተኛው ይታሰብ ጀመር። አብዛኛው ሰው ከኮታው ስለማያልፍ ማንም ልብ አላለም። ልብ ያለው ቤት ቁጥር አራት ብቻ ነው፤ እሱም ልብ ያለው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው።

ቤት ቁጥር አራት ሁለት ወንድማማቾች ይኖራሉ። ታላቅየው መካኒክ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ እጁ በግሪስ የጠቆረ፣ ወላጆቻቸው ሲሞቱ የአምስት ዓመት ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ያሳደገ። ታናሽየው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከጎዳናው ጫፍ ባለች የመስታወት ኪዮስክ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ቀኝ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ይውላል። ኢንተርኔት የሚፈልገው የአሮጌ ሰዓቶችን የውስጥ ሥዕል ለማየት ነበር፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት። ቤት ቁጥር አምስት ደግሞ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ላከላቸው። እማማ ሌባ ይፈራሉ። ስለዚህ ገበያ ሲሄዱ፣ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተኩስ ፊልም ከፍተው፣ ድምፁን ጣሪያ ድረስ ለቀው ይወጣሉ፤ ቤት ውስጥ ወንድ ያለ እንዲመስል። ባዶ ቤት ውስጥ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይገዳደላሉ፤ እየተገዳደሉም ጊጋ ይበላሉ። እማማ ግን ከኮታቸው አልፈው አያውቁም። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው መካኒኩን «እኔ እኮ ቆጣቢ ነኝ ልጄ! አያያዝ ነው» ይሉታል።

መካኒኩ ይህን ሰምቶ ይገባና ወንድሙን ይይዛል። መጀመሪያ በአፍ ነበር። ከዚያ በጥፊ። ወር በገባ በአስራ ሁለት ቀኑ ያ መልእክት ይመጣል፤ መልእክቱ በመጣ ቁጥር ታናሽየውን ይመታዋል። «አልጨረስኩም» ሲል ለውሸቱ፣ ዝም ሲል ለንቀቱ። ጎረቤት አይሰማም ነበር፤ የአምስት ቁጥር ተኩስ ጩኸቱን ይሸፍነዋል። መካኒኩ የብረት ሳጥን በይዶ ራውተሩን ቆለፈበት፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። መልእክቱ መጣ። «ቁልፍ አስቀርጸሃል!» ብሎ መታው። በሚቀጥለው ወር የራውተሩን ቻርጀር ነቅሎ ጋራዥ ይዞት መሄድ ጀመረ። መልእክቱ አሁንም መጣ። ያን ቀን ቤቱን በርብሮ በወንድሙ መሳቢያ ውስጥ አንድ የሚመሳሰል ቻርጀር አገኘ። የሥራ መብራቱ ቻርጀር ነበር። ማን ይስማ? ዓይኑ ደም ለበሰ። ከጋራዥ ይዞት የመጣው አሮጌ የሞተር ቺንጋ፣ ወፍራም የጎማ ቀበቶ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሱን አንስቶ ገረፈው። ታናሽየው ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነ፤ ክንዱን ዝቅ ሲያደርግ የቺንጋው ጫፍ ቀኝ ዓይኑን አገኘው።

ዓይኑ ጠፋ። ሐኪሙ በሁለት ደቂቃ ነገራቸው። መካኒኩ ከሐኪም ቤት ሲወጣ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ግን የሚንቀጠቀጥ ሰው ይቅርታ ጠየቀ ማለት አይደለም። ይልቁንም ጥፋቱ እንዲያንስለት የወንድሙን ሌብነት ማግዘፍ ያዘ። በጋራዡ፣ በጎዳናው፣ በየሱቁ «ሌባ ነው ያሳደግኩት» እያለ አወራ። ለሌባ ሰዓቱን የሚሰጥ ማን አለ? ኪዮስኩ ባዶ ሆነ። በመጨረሻም «የሌባ ዕዳ አልከፍልም» ብሎ ቢሉን ቀደደ፤ ወንድሙንም ወሩ ሲያልቅ ከቤት እንዲወጣለት ነገረው። ቢሉ ስላልተከፈለ ከኩባንያው የቁረጥ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙን የያዘው ፒንሳው ነው።

አንድ ረፋድ መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ወጣ። ከአምስት ቁጥር ተኩስ ይሰማል። አሁን ለመቁረጥ ሌላ ሕግ መጥቷል፤ በቆጠራ አይቆረጥም። ቢሮ ይደወልና የሚቆረጠው ቀዳዳ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ እንድትል ይደረጋል። ደወለ። «አራትን አብሪልኝ» አለ። አንዷ ብልጭ አለች። ባለ ቀይ እጀታዋን ፒንሳ አውጥቶ ገመዷን ቀጨም!

ተኩሱ ቆመ።

ጎዳናው ጭጭ አለ። ፒንሳው መብራት የጠፋ መሰለው። ወዲያው የአምስት ቁጥር በር ተበረገደና እማማ መወልወያቸውን ይዘው ወጡ። በመወልወያው እንጨት ቁርጭምጭሚቱን ቋ! አደረጉት።

«አንተ ሌባ! የከፈልኩበትን! ና ውረድ!»

«እማማ፣ የርስዎን አልነካሁም! የአራትን ነው የቆረጥኩት!»

«ታዲያ የኔ ቴሌቪዥን ምን ነክቶት ዝም አለ? ደንግጦ?» ቋ! አሁንም።

በዚህ መሐል ከአራት ቁጥር በር አንድ ወጣት ወጣ። የፊቱ ግማሽ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በእጁ ስልክ ይዟል። ቀና ብሎ በአንድ ዓይኑ አየው።

«ጋሼ፣ ሊቆርጡብን አልነበር እንዴ? የኛ እኮ ይሠራል።»

ፒንሳው ወደ ሳጥኑ ዞረ። የቆረጣትን ቀዳዳ ከላይ ቆጠረ፤ አምስተኛ ናት። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ የገመዱን መግቢያ አየ። መግቢያው ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ታች ነው የሚዞረው፤ ይህኛው ወደ ሰማይ አፉን ከፍቷል። በክዳኑ ውስጥ በጥቁር ማርከር ቀኑና የእጅ ጽሑፉ አለ። የራሱ። ክው አለ። እማማ አሁንም ይመቱታል።

«ልጄ» አለ ከላይ ሆኖ፣ ድምፁ እየቀጠነ፣ «ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ጊጋ ጨረስክ ተብዬ ነው» አለ ሰዓት ጠጋኙ።

ፒንሳው መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ልጅ ሌላም ነገር ነገረው፤ ቁልፉን፣ ቻርጀሩን፣ ቺንጋውን፣ ሁሉንም በቆመበት፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው። ፒንሳው እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኖ ስልኩን አወጣ። ከዚያ አለቃው ጋ ደወለ። አለቃው ነገሩን ሰምቶ «ስማ» አለው። «ስምንቱንም አዙረህ ሰክተህ ውረድ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማንም አያውቅም። ካወራህ ኩባንያው አንተን ነው የሚያስበላው፤ እኔም አላውቅህም። ሆድ ይፍጀው።»

የቆረጣትን ገመድ ቀጥሎ ስምንቱን አዙሮ ሰካ። ተኩሱ ተመለሰ። እማማ መወልወያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «እንዲህ ነው እንጂ! ተባረክ» አሉት። ከዚያ የአራትን ቆረጠ፤ የታዘዘው እሱን ነውና።

ያን ቀን እቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀችው። «ዛሬ ደግሞ ማን መታህ?»

«ማንም።»

«ማንም ካልመታህ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?»

አልበላም። ሁለት ቀን እህል አልቀምስ ሲል ይዛው ተቀመጠችና ሁሉንም አወጣጣችው። ሰምታ ስትጨርስ መሶቡን ከደነች። «ብትናገር ሥራህ ይሄዳል» አለች። «ያ በሬም ይገድልሃል። ባትናገርስ?»  የፒንሳው ምላስ በዚያች ክፍተት ውስጥ ይመላለስ ነበር፤ እሷም አየችው። የመጀመሪያውን ጥርስ ታሪክ ከሰው ሁሉ እሷ ብቻ ታውቃለች። ተነሥታ ጃኬቱን አቀበለችው።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ኪዮስኩ ነው። ሰዓት ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ግራ ዓይኑ ላይ ለማስቀመጥ ይታገላል፤ ይወድቅበታል፤ ያነሣዋል። ፒንሳው በመስኮቷ በኩል ተናገረ። ልጁ ወረንጦውን አስቀመጠ። ከዚያ እጁ በመስኮቷ ተወርውሮ የፒንሳውን ኮሌታ ጨመደደና ወደ ውስጥ ሳበው፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ የፒንሳው ግንባር ደማ። ፊት ለፊት ሆነው በሦስት ዓይን ተያዩ። የልጁ ጡጫ ተነሥቶ አየር ላይ ቆየ።

ከዚያ ለቀቀው።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ፣ እያለከለከ። «እኔ እኮ እንዳልጨረስኩ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅምብኝ የኖረው እሱ ነው። ለማያውቀው ይንገሩት።»

ፒንሳው ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ጋራዡ ሄደ። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ መካኒኩ ጎማ ሊፈታ የጎማ መፍቻ ይዞ ተንበርክኳል፤ አምስት ሠራተኛ ዙሪያውን አለ። አንዱ በርጩማ አቀረበለት። አልተቀመጠም።

«ወንድምህ ሌባ አይደለም» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንድ ጊጋ አልሰረቀም። ሳጥኑን ገልብጬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስትከፍል የኖርከው የጎረቤትህን ነው። ልጁ እውነቱን ነበር።»

መካኒኩ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ምን አልክ?»

ፒንሳው ደገመለት። ቃል በቃል፣ ስለ ቀዳዳዎቹም ጭምር። መካኒኩ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ጡጫው መጣ። ፒንሳው ከበሩ ጋር ተላትሞ ወደቀ። እላዩ ላይ ወጣበት። በያንዳንዱ ምት «ስንት ጊዜ!» ይላል፣ «ስንት ጊዜ መታሁት! ስንት ጊዜ!» ጎኑን በጫማው ረገጠው፤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ። የጎማ መፍቻውን ከመሬት አነሣና ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ አደረገው። አምስቱም ሠራተኞች ተረባርበው ያዙት፤ ሁለቱን ጥሏቸው ነበር። ፒንሳው በዚያ ሁሉ መሐል እጁን አላነሣም፤ ፊቱን እንኳን አልሸፈነም። መካኒኩ ብረቱን ለቀቀና በግሪሱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ በጥሶ ያዘውና እንደ ሕፃን ልጅ ጮኸ። በዚያ ጋራዥ እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ተሰምቶ አያውቅም።

ፒንሳው ሁለት ጎድኑ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከኩባንያው መልእክት ገባለት፤ ከሥራ ተሰናብቷል። መጨረሻው ላይ «ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ሲስቅ ጎኑን ወጋው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን እስኪጠራ ድረስ አንድ ዓይን፣ ሁለት ጎድንና አንድ የሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ ሄዷል።

በአስራ አንደኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ከፈተች። መካኒኩ ነው፤ በሩን ሞልቶ ቆሟል። መጥረጊያዋን አነሣች።

«የቀሩትን ልትሰብር ነው የመጣኸው?»

«አይደለም እትዬ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ተይው ይግባ» አለ ፒንሳው ከአልጋው።

ገባ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ወንበር ስታቀርብለት አልተቀመጠም። ኮፍያውን በእጁ ያሻል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት አልመጣሁም። እሱን ሌላ ቀን መጥቼ እጠይቃለሁ። ዛሬ አንድ ነገር እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ሲመጡ እንደምመታዎት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍዎ እንዴት ታዘዘልዎት?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አስራ አንድ ቀን ሆነኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። የብረት ሳጥኑን በመጋዝ ቆራርጬ ጣልኩት። ቺንጋውን አቃጠልኩት። በየሱቁ እየዞርኩ ‹ወንድሜ ሌባ አይደለም› አልኩ፤ ለባለ ሱቅ ይወጣልኛል። ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን፤ በአንድ ዓይኑ ያየኛል፤ እንደሚጠብቅ ያስታውቃል። ቃሉ እዚህ ድረስ ይመጣል…» ጉሮሮውን ያዘ። «ከዚያ ‹ጨው አቀብለኝ› እላለሁ። እኔ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው ጋሼ። እንዴት ነው የሚባለው?»

ፒንሳው ጣሪያውን እያየ ቆየ። ሚስማር አቀብለኝ፤ ጨው አቀብለኝ።

«ሳልቀመጥ ነው የተናገርኩት» አለ በመጨረሻ። «በርጩማ አቅርበውልኝ ነበር። ብቀመጥ ኖሮ ስለ ጤና እጠይቅህ ነበር፣ ስለ ሥራ እጠይቅህ ነበር፣ ሳልናገር እመለስ ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ ተናገር።»

«ምን ብዬ ልጀምር?»

«የሆነውን ነዋ። ሌላ ምን አለው?»

መካኒኩ ኮፍያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያን ትልቅ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ፣ ልክ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ፣ እግሩን ገጠመ። «እርስዎ ላይ ልሞክረው» አለ። «እሱ ነኝ ይበሉ።»

«እሺ።»

መካኒኩ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ደግሞ ከፈተ። ከዚያ ፒንሳውን ዓይን ዓይኑን እያየ ተናገረ።

«አንተ አልነበርክም» አለ። «ስትምል እውነትህን ነበር። ያለ ጥፋትህ ነው የመታሁህ።»

ፒንሳው ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሞከረ፤ ጎድኑ አላዞር አለው። እንባው በሁለቱም ጆሮዎቹ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥቶ፣ እየተንሰቀሰቀ፣ በእያንዳንዱ ሲቅታ የተሰበረው ጎኑ እየወጋው አለቀሰ። ሚስቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ እሷም ታለቅሳለች። መካኒኩ ደነገጠ።

«ጎንዎን ነው ጋሼ? ጎንዎን ነው?»

«አዎ፣ ጎኔን ነው» አለ ፒንሳው። «እንዳልከው በለው፤ ምንም አትጨምርበት። ሂድ አሁን። ቤት ስትገባ እንዳትቀመጥ።»